ግራፊንን በአሲድ ሳይጎዱ ካርቦክሲል ማልበስ፦ የፓይሪን ቢዩቲሪክ አሲድ አሠራር በደረጃ

ቂሊንጦና ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ላብራቶሪ ከሚውሉ ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ይደጋገምብኛል፦ «ለሴንሰሬ ግራፊኑ ላይ ካርቦክሲል እፈልጋለሁ፤ በጠንካራ አሲድ ሳክመው ግን ግራፊኑ ራሱ ይበላሻል። ምን ላድርግ?» ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አሠራሩን በሙሉ እዚህ አስቀምጬዋለሁ። ግራፊን አንድ አቶም ብቻ ውፍረት ያለው የካርቦን ንጣፍ ነው፤ ካርቦክሲል ደግሞ ፕሮቲንና መሰል ሞለኪውሎች የሚያያዙበት የአሲድ ቡድን (COOH) ነው።

አሲዱን ተዉት። ጠንካራ አሲድ ካርቦኖቹን ኦክሲዳይዝ እያደረገ ስድስት ማዕዘኑን መረብ ይሰብራል፤ መረቡ ሲሰበር የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ችሎታው አብሮ ይሄዳል። በዚህ አሠራር የምትጠቀሙት ሞለኪውል 1-ፓይሪን ቢዩቲሪክ አሲድ ነው። አንዱ ጫፉ አራት የተያያዙ የካርቦን ቀለበቶች ያሉት ጠፍጣፋ ፓይሪን ነው፤ እንጀራ በእንጀራ ላይ እንደሚነባበር ግራፊኑ ላይ ተዘርግቶ ይተኛል። ሌላው ጫፉ አጭር ሰንሰለት ሲሆን መጨረሻው ላይ ካርቦክሲሉን ይይዛል። ከግራፊኑ ጋር ኬሚካላዊ ቦንድ አይፈጥርም፤ የሚያጣብቃቸው የቀለበቶቹ መሳሳብ ብቻ ነው። ስለዚህ መረቡ እንዳለ ይቆያል።

ሞለኪውሎቹ የሚደረደሩት በራሳቸው ነው፤ እዚያ ላይ እናንተ የምታግዙት ነገር የለም። በእጃችሁ ያለው ከመነከሩ በፊት የገጹ ንጽሕና፣ ከተነከረ በኋላ ደግሞ እጥበቱ ነው። «አልሠራም» ተብሎ የሚመጣልኝ ሥራ አብዛኛው የሚሰናከለው ከእነዚህ በአንዱ ስለሆነ ደረጃ 3ን እና ደረጃ 5ን ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ሁለት ቁራጭ ግራፋይት (የግራፊን ንብርብሮች ክምር፤ ኤችኦፒጂ የሚባለው ንብርብሩ የተስተካከለ ዓይነት) ወይም ሲሊከን ኦክሳይድ ላይ የተቀመጠ ሲቪዲ ግራፊን (ከጋዝ የተሠራ ባለ አንድ ንብርብር)። ለመለማመድ ግራፋይቱን እመርጣለሁ፤ ገጹ ሲቆሽሽ በፕላስተር ልጣችሁ አዲስ ታገኛላችሁ። ሁለተኛው ቁራጭ ማነጻጸሪያ ስለሆነ አትተዉት።
- 1-ፓይሪን ቢዩቲሪክ አሲድ ዱቄት (የሞል ክብደቱ 288.3 ግራም)
- ንጹሕ ኤታኖል፣ 99% እና ከዚያ በላይ፣ ግማሽ ሊትር ያህል፤ ሲቪዲ ግራፊን ለምትጠቀሙ አሴቶንም
- ዲስቲልድ ወይም ዲአዮናይዝድ ውሃ
- 100 ሚሊ ሊትር ቮልዩሜትሪክ ፍላስክ፣ አራት ትንንሽ ቢከሮች፣ ክዳን ያላቸው ሁለት የመስታወት ዕቃዎች። ሁሉም መስታወት ይሁን።
- ጫፉ ጠፍጣፋ ወረንጦ፣ ዱቄት የሌለው የናይትራይል ጓንት፣ መነጽር
- ግልጽ ፕላስተር፣ ፎይል፣ የካሜራ ሌንስ ማጽጃ የጎማ መንፊያ
- ማይክሮ ፒፔት፣ ስልክ፣ የብር ኖት ማረጋገጫ የአልትራቫዮሌት መብራት
- ለፍተሻ፦ 1 ሚሊ ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ (ፒኤች 3) እና 1 ሚሊ ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ (ፒኤች 11)፣ ከእያንዳንዱ ጥቂት ሚሊ ሊትር

ከመጀመራችሁ በፊት

ኤታኖልና አሴቶን እንፋሎታቸው በክፍል ሙቀት በእሳት ይያያዛል። ሽቦው የሚቀላ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ሻማ ወይም ከሰል ባለበት ክፍል አትሥሩ። መብራት ጠፍቶ ሻማ ማብራት ካማራችሁ መጀመሪያ ጠርሙሶቹን ክደኑ፣ ሥራውንም አቁሙ። ፊውም ሁዱ (ትነት የሚስበው ካቢኔ) በመብራት የሚሠራ ከሆነ ኃይል ሲቋረጥ መሳቡን ያቆማል፤ ሲከፈት መስኮት ያለው ክፍል ምረጡ።

ብዙ የምርምር ወረቀቶች ኤታኖልን ሳይሆን ዲኤምኤፍ የሚባለውን ማሟሚያ ይጠቀማሉ። ዲኤምኤፍ በቆዳ ይገባል፤ ለመራቢያ ጤናም ጎጂ ነው። በዚህ መመሪያ ያለው መጠን በኤታኖል በደንብ ስለሚሟሟ ያለ በቂ ምክንያት ወደዚያ አትሂዱ።

ያገለገለውን ፈሳሽ ገንዳ ውስጥ አትድፉ። ስሙና ቀኑ የተጻፈበት የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ አጠራቅሙት።

ደረጃ 1፦ አልኮሉንና ውሃውን ፈትኑ

በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የሚያርፈው አጠቃላይ የፓይሪን ክብደት 50 ናኖ ግራም ገደማ ብቻ ነው። ከአልኮሉ የሚቀር ቅንጣት ቆሻሻ በቀላሉ ከዚያ ይበልጣል፤ ፈተናው የመጣው ከዚህ ነው።

የታጠበ የማይክሮስኮፕ ስላይድ ላይ ሁለት ጠብታ አልኮል ጣሉና ሳትነኩት ይድረቅ። ከደረቀ በኋላ ስላይዱን ወደ ብርሃን አዘንብላችሁ እዩት። ቀለበት ወይም ደብዘዝ ያለ ፊልም ከታየ ያ አልኮል ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቀለም የተጨመረበት ዲናቸርድ አልኮልን ከነጭራሹ አታምጡት። የእጅ ሳኒታይዘርም እንደዚያው ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር 1.45% ግሊሴሮል ያስገባበታል፣ ግሊሴሮል ደግሞ ተኖ አይጠፋም።

ውሃውንም እንዲሁ ፈትኑት። የአቃቂ የጉድጓድ ውሃ ማዕድን አለበትና የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ነጥብ ይተዋል። ነዳጅ ማደያ የሚሸጠው የባትሪ ውሃ አንዳንዱ ጥሩ ነው፣ አንዳንዱ አይደለም። ኮንዳክቲቪቲ ሜትር ካላችሁ በሴንቲ ሜትር ጥቂት ማይክሮ ሲመንስ ማንበብ አለበት፤ በአሥሮች ከቆጠረ ተዉት።

ደረጃ 2፦ 1 ሚሊ ሞላር ሙሙት አዘጋጁ

28.8 ሚሊ ግራም ዱቄት መዝኑ። ቮልዩሜትሪክ ፍላስክ ውስጥ ጨምሩ፣ ግማሽ ያህል ኤታኖል አድርጋችሁ እስኪሟሟ አወዛውዙ፣ ከዚያ እስከ ምልክቱ ሙሉት። በፎይል ጠቅልሉት፤ ፓይሪን ብርሃን የሚመጥ ሞለኪውል ስለሆነ ለረጅም ጊዜ መስኮት ዳር መቀመጥ አይስማማውም።

የምትፈልጉት 25 ሚሊ ሊትር ቢሆንም 100 ሚሊ ሊትር አዘጋጁ። ለ25 ሚሊ ሊትር የሚበቃው 7.2 ሚሊ ግራም ነው፤ ሚዛኑ በ1 ሚሊ ግራም ቢሳሳት 14% ገደማ ሳታችሁ ማለት ነው። በ28.8 ላይ ግን ያው ስሕተት ከ4% በታች ይሆናል። በበጋው ደረቅ አየር ዱቄቱ በስታቲክ ኤሌክትሪክ ከስፓቱላው እየዘለለ ያስቸግራል፤ በወረቀት ፋንታ ትንሽ የመስታወት ዕቃ ላይ መዝኑ።

ሙሙቱ ጥርት ያለ መሆን አለበት። ደመና ወይም ተንሳፋፊ ቅንጣት ካያችሁ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቆዩትና አወዛውዙት። ካልጠራ አጣሩት እንጂ እንዳለ አትጠቀሙበት፤ ያልሟሟ ቅንጣት ግራፊኑ ላይ አርፎ ጉብታ ይሆናል።

«5 ወይም 10 ሚሊ ሞላር ባደርገው አይሻልም?» ለአንድ ንብርብር አይሻልም። 25 ሚሊ ሊትር የ1 ሚሊ ሞላር ሙሙት ለአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ከሚያስፈልገው 150,000 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ፓይሪን ይዟል። መጠኑን ስትጨምሩ የሚጨምረው ማጠብ ያለባችሁ ትርፍ ነው።

ደረጃ 3፦ ገጹን አዘጋጁ

ግራፋይት ከሆነ፦ ፕላስተሩን በስሱ ለጥፉ፣ አረፋ እንዳይቀር በጣት ሳይሆን በስላይድ ጠርዝ ተጫኑት፣ ከዚያ በአንድ አቅጣጫ ቀስ ብላችሁ ላጡ። ፕላስተሩ ላይ ሙሉ፣ የሚያንጸባርቅ ግራፋይት እስኪታይ ድገሙ። ሁለቱንም ቁራጮች በአንድ ጊዜ አትላጡ፤ አንዱን ልጣችሁ ወደ ፈሳሹ ካስገባችሁ በኋላ ወደ ሌላው እለፉ።

የመቸኮሉ ምክንያት ይህ ነው። ገና የተላጠ ግራፋይት ላይ የውሃ ጠብታ የምትሠራው ማዕዘን 64 ዲግሪ አካባቢ ነው። አየር ላይ ሲቆይ ወደ 90 ይጠጋል፤ በአየር ውስጥ ያለው የሃይድሮካርቦን ትነት ገጹን በስስ ቅባት ይሸፍነዋልና። ለውጡ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ይጀምራል። ከባድ መኪና በሚመላለስበት የቃሊቲ መንገድ ዳር፣ ወይም የዲዝል ጄነሬተር ከመስኮቱ ሥር በሚያጓራበት ግቢ፣ አየሩ ከዚህ የተሻለ አይደለም። ፓይሪኑ ሲደርስ ቦታው ተይዞ ያገኘዋል። ስለዚህ ሙሙቱን አስቀድማችሁ ዕቃው ውስጥ ቀድታችሁ፣ ክዳኑን አጠገቡ አስቀምጣችሁ፣ መላጡን የመጨረሻ ሥራ አድርጉት። ጄነሬተሩ እየሠራ ከሆነ እስኪቆም መጠበቅ ይሻላል።

ሲቪዲ ግራፊን ከሆነ፦ ፕላስተር እንዳታስጠጉት፤ ያለው አንድ ንብርብር ነው፣ አብሮ ይነሣል። እዚህ ጠላታችሁ ግራፊኑ ሲዘዋወር የተጠቀሙበት ፒኤምኤምኤ የሚባል ፕላስቲክ ቅሪት ነው። በተከደነ የመስታወት ዕቃ ውስጥ 40 ዲግሪ ገደማ በሞቀ አሴቶን ለሁለት ሰዓት ያህል አቆዩት፣ አሴቶኑን ቀይራችሁ ድገሙ፣ በኤታኖል አለቅልቁ። ማሞቂያው የሙቅ ውሃ ዕቃ ይሁን። መጽሐፍ ላይ አሴቶን በ56 ዲግሪ ይፈላል ይላል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ግን 48 አካባቢ ስለሚፈላ «50 ዲግሪ» የሚል የውጭ አሠራር እንዳለ ብትከተሉ አሴቶኑ ይፈላባችኋል። ሶኒኬተር ውስጥም አታስገቡት፤ ንዝረቱ ግራፊኑን ቀዶ ያነሣዋል።

ደረጃ 4፦ ንከሩ

ቁራጩን ገጹን ወደ ላይ አድርጋችሁ በ25 ሚሊ ሊትር ሙሙት ውስጥ አስገቡ፣ ክደኑ፣ በፎይል ሸፍኑ፣ ሁለት ሰዓት ተዉት። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ብታስገቡ 5 ሰዓት ላይ ታወጣላችሁ። ማነጻጸሪያው ቁራጭ በተመሳሳይ ዕቃ፣ ለተመሳሳይ ጊዜ፣ ፓይሪን በሌለበት ኤታኖል ይነከር።

ክዳኑ ቀላል ነገር ይመስላል፤ አይደለም። ኤታኖል እዚህ የሚፈላው 71 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ መጽሐፉ ላይ ካለው 78 በታች። በዚያው ልክ በክፍል ሙቀትም ቶሎ ይተናል። ክፍት ከተተወ ሙሙቱ እየወፈረ ሄዶ ጠርዙ ላይ ክሪስታል ይጀምራል፣ ክሪስታሉም ግራፊኑ ላይ ይወርዳል። «ሌሊቱን ይደር» የሚሉም አሉ። ለአንድ ንብርብር ሁለት ሰዓት ይበቃል። የግድ ከሆነ ክዳኑን አጥብቁ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ክፍሉ በጣም ስለሚቀዘቅዝ ጠዋት ከማውጣታችሁ በፊት ሙሙቱ አሁንም ጥርት ያለ መሆኑን እዩ።

ደረጃ 5፦ እጠቡ

ከዚህ ደረጃ በፊት ገጹ ፈጽሞ እንዳይደርቅ። ከሙሙቱ ወጥቶ የሚደርቅ ጠብታ የያዘውን ፓይሪን በሙሉ እዚያው ጥሎ ይሄዳል፤ አንዴ ክሪስታል ከሆነ በኋላ ማስለቀቁ ከባድ ነው።

ሦስት ቢከሮች ውስጥ ንጹሕ ኤታኖል ቅዱ፣ በአራተኛው ውሃ። ቁራጩን በወረንጦ ጠርዙን ይዛችሁ አንደኛው ውስጥ 30 ሰከንድ ያህል ቀስ ብላችሁ አወዛውዙት፣ ሳይደርቅ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው አሻግሩ። መጨረሻ ላይ ውሃ ውስጥ ጥቂት ሰከንድ። ማነጻጸሪያውንም በተመሳሳይ መንገድ፣ ግን በሌላ ንጹሕ ኤታኖል እጠቡ። ያንኑ ቢከር ከተጠቀማችሁ ፓይሪን ታሸጋግሩበታላችሁ፣ ማነጻጸሪያ መሆኑም ያበቃል።

መጠኑን ጠብቁ። ሲያንስ ትርፉ ይቀራል። ሲበዛ ደግሞ፣ ቦንድ የሌለው ንብርብር ነውና፣ ጥሩ ማሟሚያ ውስጥ ለሰዓታት ከቆየ ራሱ ንብርብሩ መልቀቅ ይጀምራል። በዲኤምኤፍ ወይም በአሴቶን ማጠብም ወደዚያው ያደርሳል።

ትርፉ መውጣቱን በሁለት መንገድ ታያላችሁ። አልትራቫዮሌት ስፔክትሮፎቶሜትር ካላችሁ የሦስተኛውን ቢከር ኤታኖል ለኩ፤ 343 ናኖ ሜትር አካባቢ የፓይሪን ጫፍ ከታየ አንድ እጥበት ጨምሩ። ከሌላችሁ ክፍሉን አጨልማችሁ የብር ኖት መብራቱን አብሩ። የመጀመሪያው ቢከር ሰማያዊ ፍካት ሊያሳይ ይችላል፣ ሦስተኛው ግን ማሳየት የለበትም። መብራቱ የሚያሳየው ብዙ ትርፍን ብቻ ስለሆነ ፍካት አለመኖሩ ብቻውን ማስረጃ አይደለም። መብራቱን ዓይናችሁ ላይ አታብሩ።

ቁራጩን ራሱን በመብራቱ ስትመለከቱ ተቃራኒውን ጠብቁ። በአንድ ንብርብር የተኛ ፓይሪን አይፈካም፤ ግራፊኑ የተቀበለውን ብርሃን ኃይል ወዲያው ይወስድበታል። ብዙዎች እዚህ ላይ «ምንም አልያዘም» ብለው እንደገና ይነክራሉ። መጨነቅ ያለባችሁ ነጥብ ነጥብ እያለ ሲፈካ ነው፤ ያ ክሪስታል ነው፣ እጥበቱ አላለቀም።

ደረጃ 6፦ አድርቁ

ናይትሮጅን ሲሊንደር ካላችሁ በእሱ፣ ከሌላችሁ በጎማ መንፊያው፣ ከአንድ ጠርዝ ወደ ሌላው ውሃውን ገፍታችሁ አውጡ። የኮምፕሬሰር አየር ዘይት ይረጫል፣ በአፍ መንፋትም ምራቅ ነው።

ደረጃ 7፦ በጠብታ ፈትኑ

ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ስልኩን ከቁራጩ ገጽ ጋር እኩል ከፍታ ላይ አስደግፉ፣ ከኋላ ነጭ ወረቀት አቁማችሁ በመብራት አብሩ፣ 5 ማይክሮ ሊትር ጠብታ በማይክሮ ፒፔት አስቀምጡ፣ በአሥር ሰከንድ ውስጥ ፎቶ አንሱ። ማዕዘኑን ኢሜጅጄ በሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ለኩ። ቢያንስ ሦስት የተለያየ ቦታ ላይ ይሁን፤ አንድ ቁጥር አያሳምንም።

መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ፣ ከዚያ በሌላ ቦታ ላይ በፒኤች 3 ጠብታ፣ በመጨረሻ በፒኤች 11። ማነጻጸሪያው ላይ የሦስቱ ማዕዘን ተቀራራቢ ይሆናል፤ ባዶ ግራፋይት ከአሲድ ወይም ከቤዝ ጋር የሚለዋወጠው ነገር የለውም። ፓይሪን የለበሰው ላይ ግን የፒኤች 11 ጠብታ ከፒኤች 3ቱ ይበልጥ ተዘርግታ ትተኛለች። ካርቦክሲሉ በቤዝ ውስጥ ፕሮቶኑን ለቆ ቻርጅ ይይዛል፣ ቻርጅ ያለው ገጽ ደግሞ ውሃን ይስባል። ይህ ልዩነት ከታየ ካርቦክሲል አለ ብላችሁ መናገር ትችላላችሁ። የውሃው ማዕዘን ብቻ መቀነሱ ግን አይበቃም፤ ቆሻሻም ይቀንሰዋል። የቤዙን ሙሙት ትኩስ አዘጋጁ፤ ክፍት ከቆየ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ፒኤቹ ይወርዳል።

ጠብታ የነካውን ቦታ ለቀጣይ ሥራ አትጠቀሙበት። ለፍተሻ የሚሆን ጥግ አስቀድማችሁ መድቡ።

ራማን (በሌዘር ብርሃን ብተና የሚሠራ መለኪያ) ማስለካት ከቻላችሁ የምታዩት 1350 የሞገድ ቁጥር አካባቢ ያለውን የዲ ጫፍ ነው። መረቡ ሲሰበር ይህ ጫፍ ይነሣል። ከመንከሩ በፊትና በኋላ ካልተለወጠ ግራፊኑ አልተጎዳም፤ ከአሲዱ መንገድ ጋር ያለው ልዩነት ወረቀታችሁ ላይ በሥዕል የሚታየውም በዚህ ነው። ፖቴንሺዮስታት (ቮልቴጅ እየሰጠ ከረንት የሚለካ መሣሪያ) ብቻ ላላችሁ፦ በ0.1 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ 5 ሚሊ ሞላር ፌሪሳያናይድ ተጠቀሙ። ካርቦክሲሉ ኔጋቲቭ ስለሚሆን ኔጋቲቩን ፌሪሳያናይድ ይገፋል፤ የከረንቱ ጫፎች ከማነጻጸሪያው ያነሱና የተራራቁ ይሆናሉ። ፌሪሳያናይድን ከጠንካራ አሲድ ጋር በፍጹም አታገናኙ፣ የቆሻሻ ጠርሙሱም ለብቻው ይሁን፤ መርዛማ ሃይድሮጅን ሳያናይድ ጋዝ ሊወጣ ይችላል።

ደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

የፕላስቲክ ፔትሪ ዲሽ። ፖሊስታይሪን በአሴቶን ይሟሟል፤ በኤታኖል ባይሟሟም ውስጡ ያለው ማለስለሻ ወደ ፈሳሹ ሊወጣ ይችላል። ዝርዝሩ ላይ መስታወት ያልኩት ለዚህ ነው።

ዱቄት ያለው ጓንት፣ ወይም በጓንት እጅ ስልክ ነክቶ ወደ ቁራጩ መመለስ። የጣት ቅባት ለዚህ ገጽ ብዙ ነው። ስልኩን ሌላ ሰው ይያዝላችሁ፣ ወይም ጓንቱን ቀይሩ።

ሲሊኮን ቅባት የተቀባ የመስታወት ክዳን። ሲሊኮን በስሱ ይስፋፋል፣ በኤታኖል እጥበትም አይለቅም። ክዳኑ ደረቅ ይሁን።

ማነጻጸሪያ ሳይሠሩ ውጤት መጻፍ። ቁራጩ አልኮል ውስጥ በመቆየቱ ብቻ ማዕዘኑ ሊለወጥ ስለሚችል ከምን ጋር አነጻጸራችሁ ተብላችሁ ስትጠየቁ የምትመልሱት አይኖራችሁም።

በክረምት፣ ኤታኖሉ እየተነነ ገጹን ሲያቀዘቅዝ ከእርጥቡ አየር ጤዛ ይይዛል፣ ሲደርቅም ነጠብጣብ ይተዋል። መጨረሻውን በውሃ አድርጎ ወዲያው መንፋት ይህን ያስቀራል።

ከዚህ በኋላ

ወደ ፕሮቲን ወይም ወደ አሚን ያለው ዲኤንኤ ማያያዝ ከሆነ ዓላማችሁ በዚያው ቀን ቀጥሉ። ካልተቻለ በተከደነ የመስታወት ዕቃ፣ በፎይል ተሸፍኖ ይደር፤ በማግስቱ ከመቀጠላችሁ በፊት የፒኤች 3 እና የፒኤች 11 ፍተሻውን በመደባችሁት ጥግ ድገሙ። ለማያያዝ የሚያገለግሉትን ኢዲሲ እና ኤንኤችኤስ ከ5 እስከ 6 ባለ ፒኤች በኤምኢኤስ በፈር (ፒኤችን ባለበት የሚያቆይ ሙሙት) ውስጥ፣ ከመጠቀማችሁ ጥቂት ደቂቃ በፊት ብቻ አሟሙ፤ ኢዲሲ ውሃ ውስጥ ቶሎ ይበላሻል። ትሪስ በፈርን ግን አስወግዱ፤ ራሱ አሚን ስላለው ለፕሮቲናችሁ ያዘጋጃችሁትን ቦታ ቀድሞ ይይዘዋል።